የአሥራ አንደኛው ሰዓት ሠራተኞች

የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ስብከት (ማቴ. 20፥1-16)



በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን ዓለም የሠራተኞችን ቀን ሲያከብር ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ታከብራለች። በዓሉ በዚህ ቀን እንዲከበር የወሰኑት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1955 ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ዕለት ልናሰላስለው የሚገባን ወንጌል ጌታችን ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች ያስተማረው ምሳሌ ነው።

የወይኑ ባለቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ማልዶ ወጣ። በሦስት ሰዓት ደግሞ ወጣ፤ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓትም እንዲሁ አደረገ። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ ስለ ሆነ ነገሩን ለመረዳት አንቸገርም፤ በመጨረሻ የወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ብቻ ሲቀራት ነበር። በዚያን ጊዜም በአደባባይ የቆሙ ሰዎች አገኘ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተው ለምን እንደ ቆሙ ሲጠይቃቸው የሚቀጥራቸው ሰው እንዳላገኙ ነገሩት። ወንጌሉ ሰነፎች ነበሩ አይልም። ጉልበትና ፈቃድ ነበራቸው፤ የጎደላቸው የሚጠራቸው ሰው ነበር። ባለቤቱም በደጁ ተቀምጦ እስኪመጡ አልጠበቀም፤ አምስት ጊዜ እርሱ ራሱ ወደ እነርሱ ወጣ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ በዘመናችን ሥራቸው ገና በእጃቸው እያለ ጀምበር የምትጠልቅባቸው ብዙ ሠራተኞች አሉ። የሰው ልጅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፋብሪካውን ያንቀሳቀሰው፣ ቤቱን ያሞቀውና መንገዱን የተጓዘው ከምድር ሆድ በሚወጣ ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ነው። ከእነዚህ የሚወጣው ጢስ ግን የምድርን ሙቀት እየጨመረ፣ የዝናሙን ወቅት እያዛባ፣ ድርቁንና ጎርፉን እያበረታ መጥቷል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ ዓለም ይህን ዓይነቱን ነዳጅ ሳይዘገይ ደረጃ በደረጃ መተው እንደሚገባው አስተምረዋል። በዚያው ዓመት በፓሪስ የተሰበሰቡ መንግሥታትም በስምምነታቸው መግቢያ ላይ፣ ለሠራተኞች ፍትሐዊ ሽግግርና ጨዋ ሥራ አስፈላጊ መሆኑን አስፍረዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ምድርን ለማዳን አንድ ሥራ መቆም ካለበት፣ በዚያ ሥራ ልጆቹን ያሳደገው ሰው ምን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሀገሮች የሰጡትን መልስ እንመልከት።

በጀርመን ሩር በሚባለው አካባቢ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሕዝቡ እንጀራ ነበር። በ1957 በሀገሪቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድናት ከ600,000 የሚበልጥ ሰው ይሠራ ነበር። ከፖላንድ፣ ከኢጣልያና ከቱርክ የመጡ ስደተኞችም ከሀገሬው ሰው ጋር አብረው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። የኤሰን ሀገረ ስብከት በተቋቋመበት በ1958 ከውጭ የሚገባው ርካሽ ነዳጅ ገበያውን ስለ ቀማ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። ያን ጊዜ መዝጊያው የገበያው ዋጋ ነበር፤ ዛሬ የምድር ሙቀት ተጨምሮበታል። የሠራተኛው ጭንቀት ግን ያው ነው።

በዚያ ሀገር መንግሥት፣ ባለ ኩባንያዎችና የሠራተኞች ማኅበር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በ1968 የተበታተኑት ማዕድናት በአንድ ኩባንያ ሥር ተሰበሰቡ። አንዱ ጉድጓድ ሲዘጋ ሠራተኛው ወደ ሌላው ይዛወር ነበር፤ ወጣቱ ሌላ ሙያ እንዲማር ይደረግ ነበር። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ባልነበረው በዚያ የከሰል ሀገር የቦኹም ዩኒቨርሲቲ በ1965 በሩን ከፈተ። በ2007 ደግሞ የመጨረሻው ማዕድን በ2018 እንዲዘጋ ተስማሙ፤ ይኸውም ሠራተኛው የአሥራ አንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ተሰጠው ማለት ነው። ከምድር በታች የሚሠራ ሰው ዕድሜው 50 ሲሞላ ከሥራ ተሰናብቶ ጡረታው እስኪደርስ ድረስ በየወሩ ድጎማ ያገኝ ነበር። የቃል ኪዳናቸው ፍሬ ነገር በእኛ አነጋገር ቢገለጥ «ማንም ሜዳ ላይ አይወድቅም» ማለት ነበር።

ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 በቦትሮፕ ከተማ የመጨረሻው ጉድጓድ ተዘጋ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ የመጨረሻዋን የከሰል ቋጥኝ ይዘው ወጥተው ለፕሬዚዳንት ፍራንክ-ቫልተር ሽታይንማየር አስረከቡ። በዚያው ሰሞን በኤሰን ካቴድራል የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ብዙ እንባ ፈሰሰ፤ ነገር ግን የተጣለ ሰው እንባ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉድጓዶቹ ቢዘጉም ከሥራቸው የሚጠራቀመው ውኃ ያለማቋረጥ በፓምፕ መሳብ አለበት፤ ካልተሳበ የመጠጥ ውኃውን ሊበክል ይችላል። ይህ ወጪ ማብቂያ ስለሌለው የሚከፍለው ተቋም በ2007 ተመሠረተ። ሥራው ቢያልቅም ዕዳው አላለቀምና ነው። ለውኃው የዘላለም ሂሳብ ከተያዘ፣ በእግዚአብሔር መልክ ለተፈጠረው ሰው እንዴት ሂሳብ አይያዝለትም?

ሁለተኛው ምሳሌ የብሪታንያ ነው። በ1984 መንግሥት ብዙ የከሰል ጉድጓዶችን ለመዝጋት ሲነሣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አቆሙ፤ በ1985 መጋቢት ወር ተሸንፈው ተመለሱ። ከ160 በላይ ከነበሩት ማዕድናት በአሥር ዓመት ውስጥ የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሠራተኞቹ ባዶ እጃቸውን አልተሰናበቱም፤ የስንብት ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። ነገር ግን በጉድጓዱ ዙሪያ የተቈረቈሩት ከተሞች የሚተካ ሥራ ሳያገኙ ቀሩ። ገንዘቡ ሲያልቅ ሰውየው በአደባባይ ቆመ፤ ከእርሱም ጋር ልጁ ቆመ። በእነዚያ መንደሮች የተተከለው ቊስል ከአርባ ዓመት በኋላም አልሻረም።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ለሠራተኛው የሚሰጠው ድጋፍ ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ መሆኑን ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት «ላቦሬም ኤክሰርቸንስ» በተባለው መልእክት አንድ ታላቅ ትምህርት አስተምረዋል። ሠራተኛው ፊት ለፊት የሚያውቀው ቀጣሪ ብቻ አይደለም አሠሪው፤ የሥራውን ሁኔታ በሕግና በመመሪያ የሚወስነው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ መንግሥት፣ ከበስተጀርባ ያለ አሠሪ ነው። አንድን ሥራ በዐዋጅ የሚያቆም እንግዲህ የሠራተኛውን ኃላፊነት ከዐዋጁ ጋር ይቀበላል። ደግሞም በከሰሉ ብርሃን ያነበብን፣ በነዳጁ የተጓዝን ሁላችን ተጠቅመናል። ጥቅሙን በጋራ በልተን ኪሳራውን ለአንድ ወገን ትከሻ መተው በእግዚአብሔር ፊት ትክክል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ እንማራለን። የወይኑ ባለቤት አንዱን ዲናር በአደባባይ ለቆሙት ወርውሮ ማለፍ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ወደ ወይኑ ቦታ ጠራቸው፤ ከዚያ በኋላ ከፈላቸው። ሰው እንጀራ ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበት ቦታም ያስፈልገዋልና። በዚህ ረገድ የሩር ሰዎችም ፈተናውን ሙሉ በሙሉ አላለፉም። ከቀድሞዎቹ የከሰል ከተሞች አንዷ ጌልዘንኪርኸን ዛሬም በጀርመን የሥራ አጥነት እጅግ ከበዛባቸው ከተሞች መካከል ናት። የአባት ጡረታ የልጅ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ ይከብዳል። በምሳሌው ማልደው የተቀጠሩት በኋለኞቹ ምክንያት በባለቤቱ ላይ አንጐራጐሩ። ዛሬም ይህን ማጉረምረም እንሰማለን፦ «ሥራ ያጣው ብዙ ነው፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲዘጋ ማን ጠየቀን? ለእነዚህ ብቻ ለምን ይደረጋል?» ይላሉ። ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ ቶሎ አንናቀው፤ እውነት አለበትና። የሩር ማዕድን ቆፋሪ ቃል ኪዳን ያገኘው ጠንካራ ማኅበር ስለ ነበረው ጭምር ነው። ማኅበር የሌላት ልብስ ሰፊ ሴት ግን ዝም ተብላ ተሰናበተች። ነገር ግን የዚህ መልሱ ለማዕድን ቆፋሪው የተሰጠውን መንጠቅ ሳይሆን ለእርሷም መስጠት ነው። የወይኑ ባለቤት ለሁሉም የቀኑን እንጀራ ሰጠ እንጂ ለማንም አልቀነሰም። ክርስቲያን መንግሥትን ሲመክር መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ድምፅ የሌለው ማን ነው?» ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ ወደ ራሳችን ደጅ ያመጣናል። በሀገራችን እንደ ሩር ያለ የከሰል ምድር የለም። ሆኖም በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መታገዱ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከወንዞቻችን የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ ነዳጅም በውድ የውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ፣ የዚህ ውሳኔ ምክንያት ግልጽ ነው። ነገር ግን የጋራዡን ሠራተኛ እናስበው። ዘይት ይቀይራል፣ ካንዴላ ያጸዳል፣ ፍሪሲዮን ያስተካክላል፣ ሞተር አውርዶ ይጠግናል። የኤሌክትሪክ መኪና ከእነዚህ አንዱንም አይሻም። ሰውየው ሙያውን የተማረው በልጅነቱ ከጌታው እጅ ነው፤ እጁ ያውቃል እንጂ የምስክር ወረቀት የለውም። ብዙውን ጊዜ የሥራ ውልም ጡረታም የለውም። ሳይማር የአዲሱን መኪና ባትሪ ቢነካ ደግሞ በመቶ የሚቈጠር ቮልት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እንግዲህ ለእርሱ ሥልጠና የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለእኛ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሆነም። የቆዩት መኪኖች ለብዙ ዓመታት ይሄዳሉ። ለእኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ የወይኑ ባለቤት ወደ አደባባይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ዮሴፍ በግብፅ እህሉን ያከማቸው በጥጋቡ ዘመን እንጂ ረኀቡ ከገባ በኋላ አልነበረም።

ስለዚህ ከመንግሥት የምንለምነው እንዲህ ነው፦ ሥራ የሚያቆም ዐዋጅ ሲወጣ የሠራተኛው ዕጣ በዚያው ዐዋጅ ይጻፍ፤ ልምድ ያለው እጅ ያለ ወረቀትም ተመዝኖ ይታወቅለት፤ ሥልጠናው ለሚማርበት ጊዜ የቤተ ሰቡን እንጀራ የሚሸፍን ድጎማ ይኑረው፤ አዲስ ሙያ ለመልመድ ዕድሜው ለገፋ ሰው መጦሪያ ይታሰብለት። ከአሠሪዎች የምንለምነው ሠራተኛውን ከማሰናበታቸው በፊት አስቀድመው እንዲነግሩትና እንዲያስተምሩት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በቶሪኖ ሙያ ለሚማሩ ድኻ ወጣቶች ከአሠሪዎቻቸው ጋር የጽሑፍ ውል ያስፈርም እንደ ነበር አንርሳ፤ በአፍ የተነገረ ተስፋ ድኻውን እንደማይጠብቀው ያውቅ ነበርና። የእርሱ ልጆች በሀገራችን የሙያ ትምህርት ቤቶችን ያካሂዳሉ። የየቁምስናችን ምእመናንም በአጠገባችን ያለውን ጋራዥ እንጐብኝ፤ ሠራተኞቹን በስማቸው እንወቅ፤ በማኅበር እንዲደራጁ፣ ልጆቻቸውም አዲሱን ሙያ እንዲማሩ እንርዳ።

ቅዱስ ዮሴፍም የሥራ ቦታውን በሌሊት ትቶ ወደ ባዕድ ሀገር የሄደ ሠራተኛ ነበር። በግብፅ ምድር እንደ አዲስ ሥራ መፈለግ የሚያስጨንቀውን ሰው ሁሉ ጭንቀት ያውቃል። እርሱ በጸሎቱ ያስበን፤ በአደባባይ የቆመውን ወንድማችንን አይተን እንዳናልፍ ልባችንን ያንቃልን። ማልዶ የሚጠራ፣ ሲመሽም የሚጠራ ጌታ ለሁላችን የዕለት እንጀራችንን ከሥራችን ጋር ይስጠን።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።