ፍቅርና ፍርድ

ሕዝብ አንድን ተጫዋች ከእኩዮቹ አብልጦ ሲወድድ፣ የሚገባውን ዋጋ እየከፈለው ነው ወይስ የሌሎቹን ድርሻ እየነፈገ? የጃፓን እግር ኳስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ ምሳሌ ይሰጣል።

አጥቂው ካዙዮሺ ሚዩራ በአገሩ ሰዎች ዘንድ «ንጉሥ ካዙ» እየተባለ ይጠራል። በግብ ብዛት ግን ቀዳሚው እርሱ አይደለም። ሚዩራ ለብሔራዊ ቡድኑ በ89 ጨዋታዎች 55 ግቦችን ሲያስቆጥር፣ በጃፓን እግር ኳስ ማኅበር አቆጣጠር ኩኒሺጌ ካማሞቶ በ76 ጨዋታዎች 75 አስቆጥሯል። ካማሞቶ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ7 ግቦች የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ አገሩን ለነሐስ ሜዳሊያ አብቅቷል። ታዲያ የንግሥና ስሙ ለምን ለሚዩራ ሆነ?

መልሱ ያለው ከቁጥር ውጭ ነው። ካማሞቶ የተጫወተው ኳስ ገና የኩባንያ ሠራተኞች ጨዋታ በነበረበት ዘመን ነው። ሚዩራ ግን በ15 ዓመቱ ብቻውን ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ በ1986 ከሳንቶስ ክለብ ጋር ተፈራረመ፤ በ1990 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1993 የጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ ሲጀመርም የመጀመሪያው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሕዝቡ የወደደው ጃፓናዊም በኳስ ሊኖር እንደሚችል በገዛ ሕይወቱ ያሳየውን ሰው ነው። ይህ ፍቅር ውለታን ማወቅ ነውና ነቀፌታ የለበትም።

ችግሩ የሚመጣው ፍቅር የፍርድን ወንበር ሲሻ ነው። በ1998 የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አሰልጣኝ ታኬሺ ኦካዳ ሚዩራን ከቡድኑ ቀነሱት። ብዙዎች አዘኑ፣ ተቆጡም። ጃፓን ሦስቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈች፤ ብቸኛዋን ግብ፣ በዓለም ዋንጫም የመጀመሪያዋን፣ ያስቆጠረው በዚያው በ1967 በዚያው በሺዙኦካ የተወለደው ማሳሺ ናካያማ ነበር። ሽንፈቱ አሰልጣኙን ጥፋተኛ፣ ግቧም ትክክለኛ አታደርጋቸውም። ፍቅር ትናንት የተደረገውን ያስባል፤ ፍርድ ግን ዛሬ ማን ይሻላል ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው።

ሚዩራ በ2017 ለዮኮሃማ ኤፍ ሲ በሁለተኛው ሊግ ሲያገባ 50 ዓመት ከ14 ቀን ሆኖት ነበር። ትዕይንቱ ልብን ይነካል። ይሁንና ከሜዳው ዳር ተራውን የሚጠብቅ ወጣትም ይኖራል። ፍቅር ቢሰጡት አያልቅም፤ የተሰላፊ ቦታ ግን 11 ብቻ ነው። ስለዚህ ልብን ለወደዱት አብዝቶ መስጠት በደል አይሆንም፤ በደል የሚሆነው የሌላውን ቦታና ስም ለእርሱ ማሻገር ነው። የሚዩራ አፍቃሪ ስለ ካማሞቶ 75 ግቦች ሲጠየቅ ሳይሸራርፍ መመስከር ከቻለ፣ ፍቅሩ ማንንም አልበደለም።