ስለ ሕፃናት ሕሙማን ፎቶግራፍና ስለ ፈቃድ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ስለዚህ የታመመ ሰው ለባልንጀራው የማያሳየውን ቍስል ለሐኪም ገልጦ ያሳያል። ነገር ግን ገመናውን የሚገልጠው ለመዳን ነው እንጂ ለመታየት አይደለም። ሐኪምም ባየውና በሰማው ምሥጢር ላይ ከጥንት ጀምሮ በመሐላ የታሰረ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓመት የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በጄኔቫ ያወጣው ቃል ኪዳንም ይህንኑ አጸና።

በዛሬው ዘመን ግን የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። ሐኪም ወይም አስታማሚ ወይም ለበጎ አድራጎት የመጣ እንግዳ በአልጋ ላይ የተኛውን ሕፃን ያነሣና ሥዕሉን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ይለቀዋል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ አንዱ ስለ ሕፃኑ መዳን ደስ ብሎት፣ አንዱ ለሕክምናው ገንዘብ ለመሰብሰብ፣ አንዱም ሙያውን ለማስታወቅ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

አንዳንዶች «ሥራው በጎ ከሆነ ፈቃድ ምን ያደርጋል? ፊቱ ካልታየ ማን ያዝናል?» ይላሉ። ይህ ነገር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተነሡ የረኀብ ሥዕሎች በዓለም ሁሉ በታዩ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ተነክቶ እጅግ ብዙ እርዳታ መጣ። ነገር ግን የአገሪቱ ስም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ከረኀብ ጋራ ተያይዞ ቀረ። በ1981 ዓ.ም. የአውሮፓ የእርዳታ ማኅበሮች የተቸገረን ሰው ክብር የሚያዋርድ ሥዕል እንዳይወጣ የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቁትም እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ነው። የጠቀመ ሁሉ ዕዳ የለበትም ማለት አይቻልም።

ሌሎች ደግሞ «እናቱ ፈቅዳለች» ይላሉ። ነገር ግን የልጇ ሕይወት በጠያቂው እጅ ያለች እናት እንዴት አድርጋ እንቢ ትላለች? እንቢ ብትል ሕክምናው የሚጐድልባት ይመስላታል። በፍርሃት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ስለዚህ ፈቃዱን የሚጠይቅ ከሚያክመው ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ሥዕሉ የት እንደሚወጣና ማን እንደሚያየው በምታውቀው ቋንቋ ይንገራት፤ እንቢ ብትልም ሕክምናው እንደማይጐድል አስረድቶ ቃሏን በጽሑፍ ይቀበል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ሕፃኑ ራሱ ይቀራል። ወላጅ የልጁ ጠባቂ ነው እንጂ የገመናው ባለቤት አይደለም። በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በ16ኛው አንቀጽ የሕፃኑን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ በ12ኛውም አሳቡ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ መጠን እንዲሰማ ያዝዛል። የሰባት ዓመት ልጅ «አታንሡኝ» ቢል ቃሉ ቃል ነው። ገና መናገር ያልቻለውም ነገ አድጎ ተማሪ፣ ሙሽራ፣ የቤት አባት ይሆናል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደ ተባለ፣ ላኪው ሥዕሉን ቢሰርዘው በሌላ ሰው እጅ የገባውን ሊመልሰው አይችልም። ዓይኑን ብቻ መሸፈንም አይበቃም፤ ጎረቤት በጠባሳውና በአጠገቡ በተቀመጠችው እናቱ ያውቀዋልና።

ያለ ሥዕሉ የሕክምናው ገንዘብ የማይገኝለት ሕፃን ቢኖርስ? በዚህ ጊዜ ሕይወት ከገመና ይቀድማል። ነገር ግን አስቀድሞ ስሙንና ሰፈሩን ትቶ ችግሩን በቃል መንገር፣ ወይም ፊቱን ሳያሳዩ እጁን ብቻ ማንሣት ይቻል እንደ ሆነ ይመርመር። ፊቱ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነም በፈቃድ፣ ለሚረዱት ብቻ፣ ጉዳዩ እስኪፈጸም ድረስ ይሁን።

ፎቶግራፍ የሚያነሣም ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ያስብ። ያ ሕፃን ሃያ ዓመት ሞልቶት መጥቶ «በደከምኩ ጊዜ ስለ ምን አሳየኸኝ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሳያፍር የሚመልሰው ቃል አለውን? ከሌለው ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልስ።