የሚወርድ ለሚወጣ መንገድ ስለ መልቀቁ

ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙ፥ ሊለቅ የሚገባው ማንኛው ነው? በላይ ያለው ነውን፥ ወይስ በታች ያለው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ይልቅ የተራራ መንገድ አጥርቶ ያስተምረዋል።

በአሜሪካ፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ ሳን ህዋን የሚባሉ ታላላቅ ተራሮች አሉ። በሐምሌና በነሐሴ፥ በረዶው በቀለጠ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች በመኪና የሚጐተት ቤታቸውን ይዘው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ቤቱንም እንደ ዩሬይና እንደ ሲልቨርተን ባሉት የሸለቆ ከተሞች አጠገብ አቁመው፥ አራቱም ጎማ በሚጐትት ፒክአፕ መኪና ተራራውን ሲዞሩ ይሰነብታሉ። እነዚህን ከተሞች ከሌክ ሲቲ ጋራ የሚያገናኘው የተራራ መንገድ 104 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ኢንጂነር በሚባለውም በር ላይ ከባሕር ጠለል 3,900 ሜትር ከፍ ይላል።

እንዲህ ያሉትን መንገዶች አስቀድሞ ያወጣቸው የብርና የወርቅ ፍለጋ ነው። በዚያው አገር ኦቶ ሚርስ የተባለ መንገድ ሠሪ፥ በ1883 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ከዩሬይ ወደ ቀይ ተራራ የሚወጣ መንገድ ሠርቶ ከአላፊው ሁሉ ቀረጥ ይቀበል ነበር። ዛሬ በተራራው መንገድ ላይ ቆሞ የአላፊውን ቀረጥ የሚቀበል የለም፤ ነገር ግን አንድ ሌላ ቀረጥ ቀርቷል፤ እርሱም ለባልንጀራ መልቀቅ ነው።

የኮሎራዶ ሕግ፥ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትርና ከዚያም በላይ በሚነሣ ጠባብ የተራራ መንገድ፥ መተላለፊያ ስፍራ ባለበት፥ የሚወጣው መኪና ከሚወርደው ይቅደም ይላል። ስለ ምን ቢሉ፥ የሚወጣው አንድ ጊዜ ከቆመ ጎማው በጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ እንደ ገና ለመነሣት ይቸገራልና። አንድም፥ ወደ ኋላ ቢመለስ ቍልቍለቱን በጀርባው መውረድ ይሆንበታል፤ የሚወርደው ግን ከላይ ሆኖ ሩቁን አስቀድሞ ያያል፥ ወደ ኋላም ሲመለስ ሽቅብ ነውና መኪናውን መግታት ይቀለዋል።

እንግዲህ ሕጉ የመዘነው ክብርን ሳይሆን ሸክምን ነው። የሰው ልማድ ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ በላይ ያለ ይለፍ፥ በታች ያለ ይቁም ይላል። ሀብት ያገኘ፥ ሹመት የያዘ፥ ትምህርቱን የፈጸመ ሰው፥ ገና በመውጣት ያለውን አይቶ «እኔም ተቸግሬ ወጥቻለሁ፤ እርሱም እንደ እኔ ይቸገር» ይላል። ነገሩ ፍርድ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለፈ ድካምን ማስታወስ ለርኅራኄ ካልሆነ ቂም ብቻ ነው።

ታዲያ የሚወጣ ሁሉ ዘወትር ባለ መብት ነውን? አይደለም። ያው ሕግ፥ ለሚወጣው ወደ መተላለፊያው መመለስ ይበልጥ የሚመች ቢሆን እርሱ ይመለስ ብሎ ይጨምራል። መተላለፊያው ከጀርባው ጥቂት ርምጃ ሆኖ ሳለ የሚወርደውን ብዙ መንገድ የሚያስመልስ ሰው፥ ድካሙን እንደ ሹመት ቈጠረው። ምቾት ብቻ ሳይሆን ድካምም ትዕቢትን ይወልዳልና።

ደግሞም የሚለቅ ሁሉ ቸር አይደለም። ከዛፍ ወሰን በላይ ያለው ሣርና አበባ በዓመት የሚያድግበት ጊዜ አጭር ነው፤ ጎማ የረገጠውም እስኪድን ብዙ አሥር ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ልልቀቅ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን የሚረግጥ ሰው፥ ከጎረቤቱ ጎተራ ሰርቆ እንደሚመጸውት ሰው ነው። መልቀቅ ማለት ከራስ ጊዜና ከራስ ምቾት መስጠት ነው እንጂ፥ መናገር ከማይችል ፍጥረት መውሰድ አይደለም።

ወደ ተራራ የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ጠዋት ሲወጣ መንገድ የተለቀቀለት፥ ማታ በቍልቍለቱ ላይ በተራው ይለቅቃል፤ የሚለቀውም ውለታ ለዋለለት ሰው ሳይሆን ለማያውቀው ለሌላ ሰው ነው። በሰውም ኑሮ ከፍ ካለ ስፍራ የደረሰ ሁሉ፥ በመውጫው ጊዜ ቆመው ያሳለፉት ሰዎች እንደ ነበሩ ያስብ፤ ዕዳውንም ከታች ለሚመጣው ይክፈል።