ፊልሙ ለመጽሐፉ ምን ዕዳ አለበት?

አንድ ደራሲ ዕድሜውን ያፈሰሰበትን መጽሐፍ ሌላ ሰው ወስዶ ፊልም ቢሠራበት፣ መጽሐፉም ከፊልሙ ውስጥ ጠፍቶ ቢገኝ፣ የተበደለው ማነው? ደራሲው? አንባቢው? ወይስ የተበደለ የለም? ጥያቄው የሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ከደጃችን ባልራቀ ነበር። እዚሁ ልደታ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። አዋጁ ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጡን መብት ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ደራሲው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብት እንዳለውም ይደነግጋል። እሺ፣ ይሁን። ግን ውል ተፈርሞ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ከሳሽም ሳይኖር መጽሐፉ የሚሞትበት ጊዜስ?

የሳይንስ ልብ ወለድ የምንወድ ሰዎች ይህን ኀዘን እናውቀዋለን። የአይዛክ አሲሞቭ «እኔ፣ ሮቦት» እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመ የዘጠኝ ታሪኮች መድበል ነው። ፍጡሩ በፈጣሪው ላይ የሚነሣበት ታሪክ አሲሞቭን አሰልችቶት ነበር። ስለዚህ የእሱ ሮቦቶች ሦስት ሕግጋት አሏቸው፤ ሰውን አይጎዱም፣ ለሰው ይታዘዛሉ፣ ከእነዚህ ሁለቱ ጋር እስካልተጋጨ ድረስም ራሳቸውን ይጠብቃሉ። የመድበሉ ዋና ሰው ሱዛን ካልቪን እንቆቅልሹን የምትፈታው በማሰብ ነው። በመጨረሻው ታሪክ የዓለምን ኢኮኖሚ የሚመሩት መኪናዎች አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ የሰውን ልጅ ዕጣ በቀስታ በእጃቸው ያስገባሉ። አንባቢው አንድ ጥያቄ ተሸክሞ ይቀራል፦ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ አካል ለእኛው ደኅንነት ሲል ውሳኔያችንን ቢወስድብን፣ ደስ ይበለን ወይስ እናልቅስ?

እ.ኤ.አ. በ2004 አሌክስ ፕሮያስ ያዘጋጀው ፊልም በዚሁ ስም ወጣ። የፊልሙ ድርሰት ሲጀመር ሌላ ርእስ የነበረው የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የአሲሞቭ ስምና ገጸ ባሕርያት የተለጠፉበት ኋላ ነው። ሮቦቶቹ በሰው ላይ ይነሣሉ፤ ማለትም አሲሞቭ የሸሸው ታሪክ ራሱ ተመልሶ መጣ! ላለመበደል ያህል፣ የዋናዪቱ መኪና ክርክር ከመጨረሻው ታሪክ ጠረን አለው፤ «ልጠብቃችሁ ከሆነ ነፃነታችሁን መውሰድ አለብኝ» ነው ነገሩ። ነገር ግን ክርክሩ መልስ ሳያገኝ ጠመንጃው ይቀድማል። ካልቪንም የመርማሪው ፖሊስ ተከታይ ሆና አረፈችው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ፊልም ስም ያወጣው ግን ገበያ ነው። የልደታ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የቀድሞው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲቆም ስሙ እንዳለ ቀረ፤ ስሙን ያገኘ ሁሉ ግን ሰፈሩን አገኘ አይባልም።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ፊልም እኮ ሌላ ጥበብ ነው!» የሚለን አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኛም ገጽ በገጽ ይገልበጥ አላልንም። ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1982 «ብሌድ ራነር»ን ሲሠራ ከፊሊፕ ዲክ የ1968 ልብ ወለድ ብዙ ነገር ጥሏል፤ የዋናውን ሰው ሚስት ትቷል፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሃይማኖትም ትቷል። የመጽሐፉን ጥያቄ ግን አልጣለም፦ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምንድነው? በሌላ በኩል የእኛው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የነበረው ድምፁ ብቻ ነው። ሆኖም መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። አንዱ ብዙ ለወጠ፣ ሌላው የደራሲውን ቃል ይዞ ሄደ፤ ሁለቱም ዕዳቸውን ከፍለዋል። እንግዲህ ዕዳው የታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም፤ የገጸ ባሕርያቱ ስምም አይደለም። ዕዳው ጥያቄው ነው ለማለት እንደፍራለን።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነው እንዳይባል አንድ ነገር እንጨምር። መጽሐፉን ጥቂቱ ያነበዋል፤ ፊልሙን ብዙው ያየዋል። «አይቼዋለሁ» ያለ ሰው «ላንብበው» አይልም። ስለዚህ ጥያቄውን የጣለ ፊልም የሚነጥቀው ከደራሲው ይልቅ ገና ካላነበበው ሰው ነው፤ ያውም ሰውየው መነጠቁን ሳያውቅ። የአሲሞቭ ጥያቄ ደግሞ የባዕድ ጥያቄ አይደለም። «የሚበጅህን እኔ አውቅልሃለሁ» የሚለውን ቃል ከአባት፣ ከባላባት፣ ከባለሥልጣን ስንሰማው ኖረናል፤ ዛሬ ደግሞ ከመኪና መስማት ጀምረናል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍም በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በተከታታይ ድራማ መልክ ወደ ቴሌቪዥን መጥቷል። ፍርዱን ለየተመልካቹ እንተወው። መለኪያው ግን የካባው ስፌት ወይም የሰብለ ጠጉር አሠራር ባይሆን እንመርጣለን። ጉዱ ካሣ የዘመኑን ሥርዓት ስለጠየቀ እንደ ዕብድ የተቆጠረ ሰው ነው። እሱን በስክሪን አይተን ስቀን ብቻ ከተነሣን መጽሐፉ አልተሠራም። ከሳቅን በኋላ «ዕብዱ ማነው?» ብለን እርስ በርሳችን ከተያየን ግን ዕዳው ተከፍሏል።