ዘበኛና እንግዳ

ትጋት ሲመሰገን ገብረ ጉንዳንን መጥቀስ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ትጋት ብቻውን ምግባር ይሆናልን? ከዱከም ሜዳ በግራር ጥላ ሥር ስታርፍ ይህን አስብ።

በምሥራቅ አፍሪቃ፣ በኛም አገር በቦረና፣ እሾሁ አብጦ ውስጡ ባዶ የሆነ የግራር ዓይነት አለ። ጉንዳን በእሾሁ ውስጥ ይኖራል፤ ቅጠሉን ሊበላ የመጣውንም ፍየል ይነክሳል። ይሁን እንጂ ግራር እንዲያፈራ ንብ የአበባውን ብናኝ ከዛፍ ወደ ዛፍ ልታደርስለት ይገባል። ጉንዳን ለዚህ ሥራ እምብዛም አይሆንም፤ ከብዙ ጉንዳኖች ገላ የሚወጣው ፈሳሽ ብናኙን ያመክነዋልና። ዊልመርና ስቶን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከታንዛንያ ግራር እንዳስረዱት፣ አዲስ የፈካው አበባ ጉንዳንን በሽታው ያርቃል፤ ንብም ሥራዋን ትፈጽማለች። ከዚያ በኋላ ዘበኛው ተመልሶ ፍሬውን ይጠብቃል።

እንግዲህ ጉንዳኑ ባይጠብቅ ዛፉ ይበላል፤ ፈቀቅ ባይል ደግሞ ይመክናል። ስንቱ አባት፣ ስንቱ ሹም፣ የጠበቀ እየመሰለው የሰውን ፍሬ አስቀረ! አንተም ለታናሽህ ጠባቂ ስትሆን ከክፉ ከልክለው፤ ከመምህርና ከወዳጅ ግን አትከልክለው። ጉንዳን የሚርቀው ሽታ ገፍቶት ነው። ሰው ግን ዐውቆና ፈቅዶ ፈቀቅ ይላል፤ ምግባር የሚባለውም ይኸው ነው።