ሆድና ፈቃድ

ስለ ሥሥት የሚገሥጹ መካሪዎች በደሉን ሁሉ በሆድ ላይ መጫናቸው የቆየ ልማድ ነው፤ የሥጋን አሠራር ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ይህ ክስ በፍርድ ሚዛን ሲመዘን ቀልሎ ይገኛል።

እህሉን የሚያነሣው እጅ፣ የሚያላምጠው ጥርስ፣ ጉርሻውን ወደ ኋላ የሚገፋው ምላስ ለፈቃዳችን ይታዘዛሉ፤ ጉርሻው ከጉሮሮ እንደ ወረደ ግን የፈቃድ ግዛት በዚያው ያበቃል። ጨጓራ ሳናዝዘው አሲዱን ያመነጫል፤ አሲዱም መልሶ እንዳይበላው ውስጡን በዝልግልግ ፈሳሽ ይሸፍናል፤ ጉበት ሐሞቱን፣ ቆሽትም የራሱን ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካሉ፤ ስድስት ሜትር ያህል በሚረዝመው በዚህ አንጀት ውስጥም የላመው ምግብ ለደም ይተላለፋል። ይህ ሁሉ ሲከናወን ባለቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በማኪናክ ደሴት፣ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ የካናዳ ተወላጅ በድንገት በተተኮሰ ጠመንጃ ጎኑን ተመትቶ፣ ከሞት ቢተርፍም እስከ ጨጓራው የሚደርስ ቀዳዳ ሳይደፈን ቀረ። ያከመው የጦር ሠራዊት ሐኪም ዊሊያም ቦሞንት ሥጋ፣ ዳቦና ጎመን በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ያስገባ፣ ከሰዓታት በኋላም እየሳበ ምን ያህል እንደ ላመ ይመለከት ነበር፤ ያየውንም በ1833 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ዕውቀት የተገኘው በአንድ ድኻ ሠራተኛ መከራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከምርመራው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ሰውየው በተቆጣ ጊዜ የጨጓራው ሥራ ይታወክ እንደ ነበር ሐኪሙ መመዝገቡ ነው፤ ምክንያቱም ሁከቱ የተነሣው ከልብ ሲሆን፣ መከራውን የተቀበለው ሆድ ነበረ።

«ረኃብስ የሆድ ጩኸት አይደለምን?» የሚል ቢኖር፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ረኃብ ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ደግሞም ጨጓራ ሲሞላና ሲለጠጥ «በቃኝ» ብሎ የሚያስታውቅ ይኸው ሆድ ሲሆን፣ ቃሉን ንቆ እጁን ወደ ማዕዱ የሚመልሰው ፈቃድ ነው። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ክፉ አሳብ የሚወጣው ከልብ መሆኑን ሲያስተምር፣ ሰውን በሚያረክሰው ነገር ሆድን አልከሰሰም።

እንግዲህ የንስሐ አባቶች ሆይ፣ ጾም በገባ ቍጥር ልጆቻችሁን ስትመክሩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚታገሠው ሆድ ብቻ እንዳይሆን፣ ጾሙ ስለ ፈቃድ መታዘዙን አስቀድማችሁ አስረዱልን።