ከአንድ ገበታ እንብላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በቡሬ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ቤት ለጉብኝት በሄድኩ ጊዜ፥ የቤቱ አባወራ ቤተሰቡ ከከበበው መሶብ ፈንጠር ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። በፊታቸው በትንሽ ሳህን ጨው የሌለው ወጥ ቀርቦላቸዋል፤ አልነኩትም። ሐኪም የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ነግሮ፥ ጨውና ቅባት እንዲቀንሱ አዝዟቸው ነበር። ልጃቸው ትቆጣለች፤ ባለቤታቸው ያለቅሳሉ። እርሳቸው ግን፦ «አባቶቼ የበሉትን እበላለሁ፤ ደግሞስ ከልጆቼ ተለይቼ ለብቻዬ የምበላው ምን በድዬ ነው?» አሉኝ።

ልመክራቸው ሄጄ ነበር፤ ነገር ግን ቃል አጣሁ። ያስመረራቸው የጨው ማነስ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። በእኛ አገር አብሮ መብላት አንድ መሆን ነው፤ ለብቻው የሚበላ ሰው እንደ ተገለለ ይቆጠራል። እኛ መድኃኒት ነው ብለን ያቀረብንላቸውን ሳህን እርሳቸው እንደ ቅጣት አዩት።

ቤተክርስቲያን ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር በአደራ የተሰጡን ክቡራን ስጦታዎች መሆናቸውን ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2288 ስለ ጤና ተገቢውን ጥንቃቄ እንድናደርግ፥ በቁጥር 2290 ደግሞ በመብልም በመጠጥም ከልክ ከማለፍ እንድንርቅ ያሳስበናል። እንግዲህ ሕመምተኛውን መርዳት ግዴታችን ነው። ጥያቄው በምን ዓይነት መንገድ እንርዳው የሚል ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ እንዴት እንደረዳው እንመልከት (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። አልገሠጸውም። ዳሰሰው፥ የተጋገረ እንጎቻና ውኃም አቀረበለት። ኤልያስ ቀምሶ እንደገና ሲተኛ መልአኩ አልተቆጣም፤ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ የሚበላበትንም ምክንያት ነገረው፦ ገና የሚሄደው ረጅም መንገድ ነበረ። እኛስ አባቶቻችንን በሞት ከማስፈራራት ይልቅ፥ ገና የምንፈልጋቸው መሆናችንን ስንት ጊዜ ነግረናቸዋል?

ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሳለ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል (ዳን. 1፥8-16)። ዳንኤል የንጉሡን መብል የተወው ለአምላኩ ሕግ ብሎ ነው እንጂ ለሕመም አይደለም፤ የለመነበት ጥበብ ግን ለእኛም ይጠቅመናል። አላዘዘም፤ በትሕትና ለመነ። ዕድሜ ልክ አላለም፤ አሥር ቀን ብቻ ጠየቀ። ፍርዱንም ለተጠራጣሪው ሰው ዓይን ተወ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትክልቱን ለሌላው አላሸከመም፤ ራሱ ከባልንጀሮቹ ጋር በላው።

ይህንን ለእናቲቱና ለልጃቸው ነገርኳቸው። ልጅቱም ትንሹን ሳህን አንሥታ፦ «አባዬ፥ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም ጨው እንቀንሳለን። አሥር ቀን ብቻ አብረውን ይሞክሩና እርስዎ ይፍረዱ» አለቻቸው።

እናቶችና እህቶች ሆይ፥ ጨው ወደ ቤታችን የሚገባው በአንድ በር ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በርበሬው ሲዘጋጅ ይጨመራል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ይጨመራል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ ቡናም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፥ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲበቃው ይመክራል። በምትኩ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብል፥ ኮረሪማ፥ ጥቁር አዝሙድና ሎሚ ወጡን ያጣፍጡታል። የምንጠቀምበትም ጥቂት ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፤ አዮዲን በደጋው አገራችን ብዙዎችን ካስቸገረው እንቅርት ይጠብቃልና። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱን ጣዕም ይለምዳል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን በዚህ ምክንያት አይቋረጥ።

«አባቶቼ የበሉትን እበላለሁ» የሚለውም ቃል መልስ አለው። አባቶቻችን ቅቤና ሥጋ ብቻ አልበሉም፤ ጾሙም። በጾም ወራት ጎመኑ፥ ሽሮው፥ ምስሩና የዳጉሳው እንጀራ ገበታቸው ነበር። ስለዚህ ሽማግሌውን ወደ ባዕድ ምግብ አንጠራቸውም፤ ራሳቸው ወደሚያውቁት የአባቶች ልከኝነት እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ለጎረቤትና ለዘመድ ላሳስብ። የታመመውን ሰው በዓል ጠርተን ቅቤ የተንሳፈፈበትን ወጥ «በሞቴ!» እያልን እናጎርሳለን፤ እምቢ ሲል እንቀየማለን። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች ስለ መብል ክርክር በጻፈበት ቦታ፥ ክርስቶስ የሞተለትን ወንድም በመብል ምክንያት እንዳንጎዳው ያስጠነቅቀናል (ሮሜ 14፥15)። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ወዳጃችንን የሚጎዳ ከሆነ ግን የፍቅርን ስም ይዞ የፍቅርን ሥራ ያፈርሳል። አንድ ጊዜ አጉርሰን በቃ ማለት ነውር አይደለም።

በአሥረኛው ቀን ወደዚያ ቤት ተመለስኩ። አባወራው ወጡ «አልጫ ሆኗል» ብለው አሁንም ያጉረመርማሉ፤ ቡናቸውን ያለ ጨው ለመጠጣት ገና አልተስማሙም። ነገር ግን ከመሶቡ ዙሪያ፥ በልጅ ልጆቻቸው መካከል ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ልጅቱም ስለ ቡናው አልተቆጣችም፤ «ሌላ አሥር ቀን እንለምንዎታለን» ብላ ሣቀች። እርሳቸውም ሣቁ።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርቱ በባሕሩ ዳር ራሱ ምግብ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው (ዮሐ. 21፥9-13)። እርሱ ቤታችንን በትዕግሥት፥ ገበታችንንም በልከኝነት ይባርክልን፤ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን። አሜን።